ለእናቶች ማቆያ መጀመሪያ ማጀቱ ይሠራ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በገጠር ጤና ጣቢያዎች ግቢ ስለሚሠሩ የእናቶች ማቆያ ቤቶች የምናነበው ዜና አብዛኛውን ጊዜ የምርቃት ዜና ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ የአልጋው ብዛት ይነገራል፣ የፈጀው ብር ይጠቀሳል። ከስድስት ወር በኋላ አልጋው ላይ ማን እንዳረፈበት ተመልሶ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሚድዋይፎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነን። ማቆያ ቤት ባዶውን ሲቀር «እናቶቹ ግንዛቤ ስለሌላቸው ነው» መባሉ ያሳዝነናል፤ እውነት አይደለምና። ቤቱ ባዶ የሚሆነው ሲታሰብ መኝታ ብቻ ሆኖ ስለታሰበ ነው። እናት የምትቆየው ምግብ የሚበስልበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ከሌሎች እናቶች ጋር ተቀምጣ የምትጨዋወትበት ቤት ሲሆን ነው።

ማቆያ ማለት ከጤና ተቋም ርቃ የምትኖር ነፍሰ ጡር የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ፣ ምጥ ሳይጀምራት መጥታ የምታርፍበት ቤት ነው። በአገራችን ለዚህ ሥራ ፈር ከቀደዱት አንዱ በጉራጌ፣ ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ሲሆን ማቆያውን የጀመረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የሆስፒታሉ የ22 ዓመት መዝገብ፣ ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ያለው፣ ተጠንቷል። በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች በ100,000 ወሊድ 90 ገደማ ሲሆኑ፣ ከቤት በቀጥታ ከመጡት መካከል የሞቱት ከ1,300 በላይ ነበሩ። ሞተው የተወለዱ ሕፃናት ደግሞ ከ1,000 በማቆያው ከቆዩት 18፣ በቀጥታ ከመጡት 191 ነበሩ። ይህን ቁጥር ስናነብ መጠንቀቅ አለብን። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ስለሆኑ ልዩነቱን ሁሉ ያመጣው ማቆያው ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን የማቆያው ሥራ ይኸው ነው፤ ሴትዮዋ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ እንዳትመጣ ማድረግ።

በጤናው ሙያ ሦስቱ መዘግየቶች የሚባሉ አሉ፦ ቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ እርዳታ ለማግኘት መዘግየት። ማቆያ ቤት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቀድሞ ይዘጋቸዋል። ከወሊድ በኋላ በኃይል የሚደማት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች፤ በክረምት ከአንዳንድ ቀበሌ እስከ ጤና ጣቢያ ያለው መንገድ ግን ከዚያ በላይ ይፈጃል። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 እ.ኤ.አ. በ100,000 ወሊድ 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ100 እናቶች 5 ብቻ የነበሩት በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደርሰዋል። ለውጡ ትልቅ ነው። የቀሩት እናቶች ግን በአብዛኛው ከመንገድ የራቁት ናቸውና ለእነሱ አምቡላንስ ብቻውን አይበቃም፤ መኪና የማይገባበት ቦታ አምቡላንስም አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ማን የት ትቆይ የሚለው ነው። ጤና ጣቢያ በአብዛኛው ኦፕራሲዮን አይሠራም። ስለዚህ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ ሕፃኑ በመቀመጫው ወይም በአግድም የመጣባት፣ ደም ግፊት ያለባት፣ ፌስቱላ ታክማ የዳነች እናት የምትቆየው ኦፕራሲዮን በሚሠራ ሆስፒታል ማቆያ ውስጥ ነው። እነዚህን እናቶች ጤና ጣቢያ አምጥቶ ማስተኛት ለቤተሰቡ ሐሰተኛ መተማመኛ መስጠት ነው፤ ሌሊት ምጥ ሲጀምር ያው የመኪና ፍለጋ ይመጣል። የጤና ጣቢያው ማቆያ የሚስማማው ርቃ ለምትኖር፣ የመጀመሪያዋን ለምታረግዝ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ለወለደች፣ ሌላ ችግር ግን ላልታየባት እናት ነው። ይህ ልየታ በእርግዝና ክትትል ጊዜ፣ ቢዘገይ በስምንተኛው ወር ማለቅ አለበት።

ቀጥሎ የቀን ቆጠራ ይመጣል። እዚህ ላይ የሚፈጠር ስህተት ማቆያውን በቀጥታ ባዶ ያደርገዋል። በእኛ አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው፦ የመጨረሻው የወር አበባ የታየበት የመጀመሪያ ቀን ተይዞ ዘጠኝ ወር ይቆጠራል፤ መካከል ላይ ጳጉሜን ከሌለች 10 ቀን፣ ካለች 5 ቀን ይጨመራል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት የሚጨመረው 4 ብቻ ነው። ለምሳሌ ጥቅምት 5 ቀን የወር አበባ ያየች እናት ሐምሌ 15 አካባቢ ትወልዳለች። ጥር 10 ቀን ያየችው ደግሞ በጳጉሜን ስለምታልፍ ጥቅምት 15 አካባቢ ነው። ብዙ እናቶች ቀኑን በቁጥር አይዙትም፤ በበዓል ግን ያስታውሱታል። «ከሚካኤል በፊት ነው በኋላ? ማርያም ደርሳ ነበር?» ብሎ መጠየቅ፣ ሙስሊም እናትን ደግሞ «ረመዳን ገብቶ ነበር ወይስ ከዒድ በኋላ ነው?» ማለት ከባዶ ግምት በጣም ይሻላል። ሆድ በጣት ተለክቶ ብቻ ቀን ከተሰጣት ስህተቱ እስከ ሦስት ሳምንት ይደርሳል። ሦስት ሳምንት ቀድማ የመጣች እናት ስንቋ ያልቃል፣ የተወቻቸው ልጆች ያሳስቧታል፣ ባሏ ይሰለቻል፤ «ገና ነኝ» ብላ ወደ ቤቷ ትመለስና እዚያው ትወልዳለች። ሁለተኛ አትመጣም፤ ጎረቤቷንም «ዝም ብሎ መጎለት ነው» ትላታለች። ስለዚህ ቀኑ በደንብ ከታወቀ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ትምጣ። ካልታወቀ በየሳምንቱ እየታየች የምትመጣበት ቀን ይወሰን። ቀኑ በትክክል ተቆጥሮም ምጥ ሁለት ሳምንት ሊዘገይ ስለሚችል ስንቁ ለ14 ሳይሆን ለ28 ቀን መታሰብ አለበት።

አሁን ወደ ማጀቱ እንግባ። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ 25,000 ያህል ሕዝብ ያገለግላል። በዓመት 850 ገደማ ወሊድ ይጠበቃል። ከእነዚህ ሲሶው ሩቅ የሚኖሩ ናቸው ብንልና ከሲሶው ግማሹ ለ14 ቀን ቢቆዩ፣ በማንኛውም ቀን በአማካይ አምስት ስድስት እናቶች ማቆያው ውስጥ አሉ ማለት ነው። ስድስት አልጋ መደበኛ፣ ሁለት መጠባበቂያ ይበቃል። ሃያ አልጋ ገዝቶ ማጀት የሌለው ቤት ከመሥራት ስምንት አልጋ ከጥሩ ማጀት ጋር ይሻላል።

ለአንዲት እናት በቀን ግማሽ ኪሎ እህል፣ 80 ግራም ሽሮ ወይም ክክ፣ 30 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ አዮዲን ያለው ጨው እናስብ። ለስድስት እናቶች በወር 90 ኪሎ እህል፣ 14 ኪሎ ተኩል ጥራጥሬ፣ አምስት ሊትር ተኩል ዘይት ይሆናል። እያንዳንዷ አንድ አስታማሚ ይዛ ከመጣች (እናቷን፣ እህቷን ወይም አማቷን ማለት ነው) ይህ በእጥፍ ይቆጠራል። አስታማሚዋን አትብላ ማለት እናቲቱን አትምጪ ማለት ነው፤ እንጀራ የምትጋግረው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ ሌሊት ሚድዋይፏን የምትጠራው አስታማሚዋ ናት። እህሉ እንደ አገሩ ጤፍም ማሽላም በቆሎም ይሆናል። ገብስ ግን ከየትም ይሁን ጥቂት መኖር አለበት፤ ያለገንፎ የሚሆን አራስነት የለም።

ገንፎን እንደ ማባበያ የሚቆጥሩ ኃላፊዎች አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ የወለደች እናት ቢያንስ 24 ሰዓት ጤና ተቋም ውስጥ መቆየት አለባት፤ አደገኛው ደም መፍሰስ በአብዛኛው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው የሚመጣው። ቤተሰቡ ግን ገንፎው፣ እልልታው፣ ጠያቂው ቤት ስለሚጠብቅ በስድስት ሰዓት ውስጥ ሊወስዳት ይጣደፋል። ገንፎው እዚያው ከተገነፋ፣ ዘመድ እዚያው ገብቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካላት የሚያጣድፍ ነገር አይኖርም። ለአንዲት አራስ ሩብ ኪሎ የገብስ ዱቄት፣ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ ውሃ፣ ጨው፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ቅቤ ይበቃል። ይህን ያህል ወጪ ያለበት ሌላ የሕይወት ማዳኛ ብዙ የለም።

ማጀቱ ከመኝታው ተለይቶ፣ ጭሱ ወደ መኝታው በማይነፍስበት በኩል ይሠራ። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ መደብ ላይ ከተቀመጠ ጋጋሪዋ አትጎብጥም። ጭስ ማውጫ ካልተደረገለት ጭሱ ነፍሰ ጡሮቹን ከማጀቱ ያርቃል፤ ሁሉም ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ቦታ ከመሆን ይቀራል። እንጀራ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጋገር ሻጋታ ሳይነካው ያልቃል። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤት በሚያርፉበት አካባቢ ሥጋ አለማብሰል ወይም ድስቱን ከነማማሰያው መለየት ያስፈልጋል። ሽሮና ክክ ሁሉም ይበላዋል፣ በጾምም አያስቸግርም፤ ወተትና እንቁላል ለምትፈልግ ለብቻ ይቅረብ።

አንድ ነገር አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። በደጋ አገር ሌሊቱ ስለሚበርድ ቡና የተፈላበትን ከሰል ከነምድጃው ወደ መኝታ ማስገባት የተለመደ ነው። ከሰል ጭሱ ባይታይም የሚያመነጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ እናቲቱንም ፅንሱንም ይገድላል። መፍትሔው ለእያንዳንዷ ሁለት ብርድ ልብስ ነው። የማቆያ በጀት ሲያዝ አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ተጽፎ ካያችሁ ያን ጊዜ ተከራከሩ።

ቡናው የሚፈላው መስኮትና በሩ በተከፈተ ክፍል ወይም በረንዳ ላይ ነው። ከማቆያው ጥቅም ሁሉ እኛ የምናስበልጠው ይህን ሰዓት ነው። ሚድዋይፍ ነጭ ለብሳ ቆማ የምታስተምረው ትምህርት በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ሲወጣ፣ አራት የወለደች እናት ሲኒ ይዛ የምትናገረው ልብ ውስጥ ይቀራል። አካሄዱ ቀላል ነው። በአቦሉ ሚድዋይፏ አንድ ጉዳይ ብቻ ታነሳለች፤ በአንድ ቀን አምስት ጉዳይ መዘርዘር ምንም እንዳይያዝ ያደርጋል። በቶናው ከእናቶቹ አንዷ ያየችውን ትናገራለች ወይም ታሳያለች። በበረካው ጥያቄ ነው፤ አፋር የሆነችው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የምትናገረው ያኔ ነው። የአንዱ ቀን ጉዳይ የአደጋ ምልክት ይሁን፦ ደም፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትኩሳት፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ። የሌላው ቀን እንገር ይሁን፤ ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባው፣ አይታለብ፣ አይደፋ፣ ቅቤም አይዋጥ። በሌላ ቀን ደግሞ ሕፃኑን 24 ሰዓት አለማጠብ፣ እትብቱ ላይ ጤና ጣቢያው ከሚሰጠው ቅባት በቀር ቅቤም ሌላም ነገር አለማድረግ ይነሳ። የእርግዝና መከላከያ የሚነሳው አማቶች በሌሉበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል።

ቡናን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ። ለነፍሰ ጡር በቀን ከሁለት ሲኒ ባይበልጥ ይሻላል። ቡናም ሻይም ለደም ማነስ የሚሰጠው የአይረን (የብረት ማዕድን) ኪኒን በሰውነት እንዳይመጠጥ ስለሚያደርጉ ኪኒኑን ከቡናው ጋር መዋጥ የለባትም። ማታ ስትተኛ ብትውጠው ማቅለሽለሹም ይቀልላታል።

ሌላው በእቅድ ላይ ፈጽሞ የማይጻፍ ነገር ሥራ ነው። ለገጠር ሴት ቀኑን ሙሉ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እረፍት ሳይሆን ጭንቀት ነው። ጥጥና እንዝርት፣ ለስፌት የሚሆን አክርማና ስንደዶ፣ የመስፊያ ወስፌ ካለ ቀኑ ያልፋል፤ ለሕፃኑ መታቀፊያ ፈትላ፣ ሰፌድ ሰፍታ የምትሄድ እናትም ትኖራለች። ከሌለ በሦስተኛው ቀን «ቤቴን ልየው» ማለት ይጀመራል። በአንድ ቤት ከተለያየ ቀበሌ የመጡ ሴቶች እየፈተሉ ሲጨዋወቱ የሚማማሩትን ያህል ማንም ባለሙያ ሊያስተምራቸው አይችልም። ወደየቀበሌያቸው ሲመለሱ ሌላዋን እናት ይዘው የሚመጡትም እነሱ ናቸው።

ውሃውን በአጭሩ እናንሳው። ለአሥራ ሁለት ሰው በቀን በነፍስ ወከፍ 20 ሊትር ብናስብ 12 ጀሪካን ነው። የ2,000 ሊትር ሮቶ ስምንት ቀን ያህል ያቆያል። ሽንት ቤቱ ቅርብ፣ መንገዱ ደልዳላ፣ በሩ ከውስጥ የሚዘጋ ይሁን፤ ማታ መብራት ይኑረው። ሚድዋይፏ በየቀኑ ጠዋትና ማታ የእናቲቱን ግፊትና የፅንሱን የልብ ምት ትለካ፣ በመዝገብም ትጻፍ። ግፊቱ 140 በ90 ከደረሰ፣ የፅንሱ ልብ በደቂቃ ከ110 ካነሰ ወይም ከ160 ከበለጠ እናቲቱ ከማቆያው ወጥታ ወደ ሕክምናው ትገባለች። ይህ ክትትል ከሌለ ቤቱ ማደሪያ እንጂ ማቆያ አይደለም።

እቤት የቀሩት ልጆችስ? አብዛኛዋ እናት የምትቀረው በእነሱ ምክንያት ነው። ይህ የሚፈታው ማቆያው ጋ ሳይሆን በቀበሌ፣ በወርኃዊው የነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ ላይ ነው። ስብሰባው እርሻ በማይታረስበት በዓል ወይም በገበያ ማግስት ይደረግ፤ ባልና አማትም ይጠሩ። እዚያው ፊት ለፊት «ላሟን ማን ያልባል? ልጆቹን ማን ያበላል? ማን አብሯት ይሄዳል?» ተብሎ ስም እየተጠራ ይያዝ። ጡት ያልጣለ ልጅ ካላት ይዛ እንድትመጣ መፍቀድ ግድ ነው፤ ለዚህም አንድ ሰፋ ያለ ፍራሽ መሬት ላይ ቢዘረጋ ይበቃል።

እህሉ ከየት ይመጣል ለሚለው መልሱ ከምንገምተው ይቀላል። ከላይ ባሰላነው መሠረት ለእናቶችና ለአስታማሚዎች በዓመት 22 ኩንታል ገደማ ያስፈልጋል፤ ብክነትን ጨምረን 25 እንበል። 25,000 ሕዝብ ማለት 5,000 ያህል አባወራ ነው። ከእያንዳንዱ ቤት በዓመት ግማሽ ኪሎ ቢወጣ 25 ኩንታሉ ሞላ። የሴቶች ልማት ቡድኖችና እድሮች ይህን መሰብሰብ ይችላሉ። የሚያፈርሰው የእህሉ መጠን ሳይሆን የሂሳቡ አያያዝ ነው። ደረሰኝ ካልተሰጠ፣ ስንት ገብቶ ስንት እንደወጣ በየሦስት ወሩ በቀበሌ ስብሰባ ካልተነበበ፣ በሁለተኛው ዓመት የሚሰጥ አይገኝም። የጎተራው ቁልፍ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በጤና ጣቢያው፣ አንዱ በሴቶቹ ተወካይ እጅ። እህሉ ሳይፈጭ ይቀመጥ፣ የሚፈጨው የአንድ ወሩ ብቻ ይሁን። ጆንያው ከወለል በእንጨት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ርቆ ይደርደር፤ እርጥበት ከነካው ይሻግታል፣ ነቀዝም ይገባዋል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።

ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ ማቆያ ለሚያሠሩ በጎ አድራጊዎችና በውጭ አገር ሆነው ለትውልድ ቀያቸው ገንዘብ ለሚያዋጡ ወገኖች የምንለው፦ የግንባታው ዕቅድ ሲቀርብላችሁ ማጀቱን፣ ጎተራውንና የውሃውን ነገር ፈልጉ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ የአልጋውን ቁጥር ቀንሱ። ዋናው ቤት የጭቃ ቤት ቢሆንም እናት ትገባበታለች።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህ ደብዳቤ እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት፣ ቢዘገይ እስከ ጥር አጋማሽ ቢወጣልን በጣም እናመሰግናለን። መዋጮው የሚቀናው ያኔ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ሲጠየቅ ብዙው ቤት የሚያካፍለው አይኖረውም።

ከአክብሮት ጋር፣
በገጠር ጤና ጣቢያዎች የምንሠራ ሚድዋይፎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች